ጭራ ላይ

ደብረ ብርሃን ላይ፣ አምስት ቀን ሰልጥኜ፣
ብርዱን በጋቢዬ፣ ቃሉን በደብተሬ ሸፍኜ፣
«ራእይ»ን ከ«ተልእኮ» ለይቼ፣ «እሴት»ን መዝኜ፣
ጣርማ በርን ወረድኩ፣ ሰርተፊኬት ሆኜ።

ከቆላው አፋፍ ላይ ሙቀት ተቀበለኝ፤
ሸዋ ሮቢት ደረስኩ፤ ባጃጅ አሳፈረኝ፤
ከዚያ በእግር መንገድ የማሾው ማሳ ጠራኝ።

የመጣሁት ለሥራ ነው፤ ቅጽ ለማስሞላት፣
የመስኖ ማኅበሩን «አቅም» ለመለካት፤
አሥራ አራት ጥያቄ፣ በሣጥን በሣጥን፣
የመጀመሪያው፦ «መሪያችሁ ማን ይሆን?»

ሳቁ።
«መሪ እንኳ የለንም፤ የውሃ አባት አለን፤
ያ ነው፣ ያ አካፋ የያዘ፣ ተራ የሚሰጠን።»

ስሙ ይፍሩ ይባላል፤ የሚፈራው የለም፤
ማኅተም አልያዘም፣ ወንበርም የለውም፤
ድምፁ ከቦዩ ድምፅ ከፍ ብሎ አይሰማም።

«እንዴት ተመረጠ? በምን ችሎታው ነው?»
ወይዘሮ እታፈራሁ የሽንኩርት አረሟን ሳትተው፣
«ማሳው ጭራ ላይ ነው» አለችኝ። ጨረሰችው።

አልገባኝም። ቀና ብላ፣ በእጇ ቦዩን ተከተለች፤
«ራስጌ ያለ ሰው፣ ውሃ አያልቅበትም» አለች፤
«ጠጥቶ የሚያድር ሰው፣ ጥምን በምን ያውቃል?
ውሃ ጭራ ከደረሰ፣ ለሁሉም ደርሶታል።
የይፍሩ ማሳ ከረጠበ፣ የሁላችን ረጥቧል፤
የእሱ ከደረቀ ግን፣ ከላይ ሌባ አለ፤ ያውቃል።»

ራስ ስንል የኖርን፣ ራስ ስንሾም፣ ራስ ስንሽር፣
ጭራን ማን አስቦት፣ ማን ሰጥቶት ክብር?

ያኔ ነው የነገረችኝ፣ የአምናውን የድርቅ ሌሊት፤
የሮቢ ወንዝ ሰልሎ፣ ሆኖ የአህያ ጅራት፣
ውሃው በሰዓት ሲሰፈር፣ በስልክ ጭላንጭል መብራት።
ሦስት ሌሊት ቆመ ይፍሩ።
በአራተኛው እንቅልፍ ጣለው።
ሲነቃ ጎህ ቀዷል፤
ውሃው ማንም ሳይመራው፣ ቁልቁል መንገዱን ሄዷል፤
የይፍሩን ማሾ አጠጥቶ፣ የጌጤነህን ተራ በልቷል።

ማንም አላየም ነበር። ጌጤነህም አላወቀም።

ጠዋት መጥለፊያው ላይ ሰብስቧቸው፣ «ሌባ ይዣለሁ» አለ፤
«ማነው?» ሲሉት፣ አካፋውን መሬት ተከለ፤
«እኔ ነኝ።»
ዝም ተባለ።
«እንቅልፍ ነው እንጂ፣ አንተማ...» አንዱ ቀጠለ፤
«ማሾው ስለ እንቅልፍ አያውቅም፤ ጠጥቷል» አለ።
«ለሌላው ሰው ስንት ነበር የወሰንኩት?»
«ሃምሳ ኪሎ» አሉት።
ሰፈረ። ከፈለ።
አካፋውን ሊያስረክብ ቢዘረጋ፣ አልተቀበሉት።
ጌጤነህ ብቻ እጁን ዘረጋ፦
«አንድ ሌሊት ልያዝልህ፤ ተኛ፣ እስኪነጋ።»

ቅጼን አየሁት። «የተጠያቂነት ሥርዓት፦ አለ፣ የለም።»
ሣጥኗ ጠባብ ናት፤ ያ ሌሊት አይገባባትም።

አሰልጣኙ ሥዕል ሠርቶ ነበር፣ ሾጣጣ እንደ ተራራ፣
ጫፉ ላይ አንድ ሰው፣ ታች ብዙ ሰው፣ አንጋጦ ሲጣራ።
ደብተሬን ዘቅዝቄ ያዝኩት፤ ጫፉ ታች ወረደ፤
ጠብታ መሰለኝ፤
ከመሬት ሊደርስ የወደደ።

አሁን መሽቷል። የአልጋ ቤቱ ማራገቢያ ያቃስታል፤
ሰኞ ስሜ በር ላይ፣ «ኃላፊ» ተብሎ ይለጠፋል፤
ወንበሩ አዲስ ነው፤ ወደ ፈለጉት ይዞራል።
«ተራ ሰው» ብለን የምንንቀው፣ ተራ የሚጠብቅ ነበር ለካ፤
ወረፋ ይዤ አላውቅም እኔ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ብለካ።

እንቅልፍ እምቢ አለኝ።
የእኔ ቦይ እስከ የት ድረስ ነው?
ጭራው ላይ ያለው ማሳ የማን ነው?
ከደረቀ ስንት ጊዜው ነው?