በር የሌለው ቁልፍ

ከጣርማ በር ዋሻ ስንወጣ ጉሙ ከኋላችን ቀረ፣
ጆሮዬ ጧ ብሎ ተከፈተ፣ ጃኬቴ ጭኔ ላይ አደረ።
ረዳቱ «ቆላ ገባን» ብሎ የሸሚዙን ቁልፍ ፈታ፣
ከወንበር ሥር የታሰረች ዶሮ አስካካች በደስታ።

ሸዋ ሮቢት ላይ ወርጄ፣ በባጃጅ ወደ ምሥራቅ፣
ማሾና ሽንኩርት መሀል፣ አቧራው እንደ ዱቄት ሲረቅ፣
ደረስኩ ከአንዲት ከተማ፣ ስሟ ካርታ ላይ የማይታይ፣
«ከተማ ነኝ» ለማለት የምታፍር እንግዳ ስታይ።
አንድ ወፍጮ፣ ሁለት ሱቅ፣ አንድ የሚያነክስ ጠረጴዛ፣
«ስልክ ቻርጅ እናደርጋለን» የሚል በር፣ ቀለሙ ፈዛዛ፣
ግመል የታሰረችበት፣ የዘመመ የስልክ እንጨት፣
ጥላዋን የተከራያት ውሻ፣ መጮኽ እንኳ የሰለቸው ፍጥረት።

የመጣሁት ለፍርስራሹ ነው።
ከባንክ መስኮት ጀርባ የሰው ገንዘብ ስቆጥር ከርሜ፣
ማንም የማያወጣው፣ ማንም የማያስገባው ነገር ፊት ቆሜ
ማየት አማረኝ። ይኸው ነው። ለሌላ አልነበረም ድካሜ።

ዘበኛው ኑርዬ ይባላል። አንገቱ ላይ ቁልፍ ያሰረበት ጠፍር።
የጥንቱን ሰፈር የሚያጥር ሽቦ ነበረ፣ የብረትም በር፤
ሽቦው ዛሬ የሽንኩርት ማሳ ያጥራል፣
በሩን ወፍጮ ቤት ገጥመውት እህል ጠባቂ ሆኗል፤
ቁልፉ ብቻ ቀረ። መዝገብ ላይ የፈረመ እሱ ነዋ።
«እዚህ ላይ ቆይ» አለኝ። ቀደመኝ።
በሩ ነበረ ባለው ቦታ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ፣
«ግባ» አለ።
ከግራዬ ሜዳ፣ ከቀኜ ሜዳ፤
ራሴን እንዳይመታኝ ጎንበስ ብዬ ገባሁ።

መስጊዱ ጣራ የለውም። ግድግዳው ግን እንደ ጥርስ
የገጠመ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ አንዱ ለሌላው ትከሻ የሰጠ።
ሚሕራቡ ውስጥ እንሽላሊት ፀሐይ ትሞቃለች፣
ቁልቋል በመስኮት ገብቶ በጣራ ወጥቷል፣
ሣሩ ነፋስ በመጣ ቁጥር ወርዶ ይነሣል።
«ማን ሠራው?» አልኩት።
«ሰው።»
«ታዲያ ወዴት ሄዱ?»
ሣቀ፤ በበትሩ ቁልቁል አሳየኝ፦
«የጦይባን ደጃፍ እየው፣ እርከኑን። የወፍጮውን መሠረት።
የኔን ምድጃ። የት ይሄዳሉ?
ሁለት መቶ እርምጃ ቢወርዱ ነው።
ጉልቻው ተለዋወጠ እንጂ ወጡ ያው ወጥ ነው።»

ማታ ጦይባ ሆቴል፣ በቀን የለካሁትን ስጽፍ፣
አንዱ ወንበር ጎትቶ ቀረበ፣ ሌላው ቆመ በደጃፍ።
«መሐንዲሱ አንተ ነህ? መንገዱስ መቼ ነው?»
አይደለሁም ልል አፌን ስከፍት
ጦይባ ሻይ አስቀመጠች፦ «ተዉት፣ ይጻፍበት።»

ጻፍኩ።
በግራ ገጽ፦ ሚሕራብ፣ ቁመቱ አራት ክንድ ከስንዝር።
በቀኝ ገጽ፦ ድልድዩን ጎርፍ ወስዶታል፣ አምቡላንስ ማዶ ይቆማል።
በግራ፦ የምሥራቅ ግድግዳ፣ ዘጠኝ እርምጃ፣ ስንጥቅ አለው።
በቀኝ፦ የፓምፑ ቺንጋ። ለስምንተኛ ክፍል የሒሳብ መምህር።
የአሚናት ልጅ፣ ምጥ ላይ፣ ወንዙ ዳር።
እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ።
ማንም አላለቀሰም። ሻዩ ስኳር በዝቶበት ነበር።

በነጋታው ኑርዬ ደረሰኝ ቆረጠልኝ፤
ቁጥሩ አሥራ ሰባት። ጥራዙ የታተመው እኔ ባንክ ሳልገባ ነው።
«ስትመለስ» አለ ቁልፉን እያሻሸ፣ «ከአስፋልቱ ጋር ና።»
እውነቱ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤
«ኢንሻ አላህ» አልኩ፣ እኔ የጊዮርጊስ ማኅበርተኛ።

ሽቅብ ወደ ጣርማ በር። ጃኬቴን መልሼ ለበስኩ።
ደብተሩ ደረት ኪሴ ውስጥ ነው፣ ይኸው ሁለት ወሩ፤
ግራ ገጹን ወዳጆቼ አይተው አድንቀዋል።
ቀኙን ይዤ ግን በየመሥሪያ ቤቱ ስዞር፣
ከመስኮቱ ጀርባ እንደ እኔ ያለ አንድ ሰው
«የዛሬ ሳምንት» ይለኛል፣ ቀና ሳይል፤
ጎንበስ ብዬ እወጣለሁ።