አዲስ ዘበኛ

ከፋብሪካው በር ላይ ሃያ ዓመት ቆሜ፣
ሰው በሳሉ ለየሁ፣ ከጨለማ ከርሜ።
ፈታይዋን በነጠላ ጫማዋ፣ ሸማኔውን በጉሮሮው፣
የጥጥ ብናኝ ዕድሜ ልኩን የቆረቆረው።

የነጂሃን ሌባ ግን አልያዝኩትም።
በሌሊት ይመጣል፣ በር አያንኳኳም፤
ክርኗን፣ ጉልበቷን፣ ከአንገቷ በታች
እስኪደማ ፍቃ፣ ጎህ ሲቀድ ተኛች።

እናቷ ከድጃ ንጹሕ ናት።
ወለሉን በበረኪና በቀን ሦስቴ ታጥባለች፣
ድመቷን ለጎረቤት ሰጥታለች፤
አፈር የነካ ሁሉ ከደጅ ይመለሳል፣
የቦርከና ሽታ እንኳ በመስኮት ተከልክሏል።
ማሳከኩ ግን አልተመለሰም።

በሐረጎ ጥምዝማዝ፣ ሚኒባሱ ጉም ለብሶ፣
ከአንዱ ኩርባ ወደ አንዱ እንደ ዕውር ዳብሶ፣
ደሴ አደረሰን።
ነጂሃ በመስታወቱ እርጥበት ላይ ቤት ሣለች።
በር አልሠራችለትም፤
ዘበኛ ነኝና አየሁት፣ ዝም አልኩ እንጂ አላለፈኝም።

ዶክተር ፀዳለ ክንዷን ገልብጣ አየች።
«ሌባ የለም እዚህ ቤት» አለች።
«ዘበኛው ነው።
አዲስ ነው፣ ሰው አያውቅም፣ ቆመጡን ይዞ ጨንቆታል፤
አቧራው፣ የእንቁላሉ ነጭ፣ የአበባው ብናኝ፣ ሁሉም ሌባ ይመስለዋል፤
ያገኘውን ይመታል።
የሚደማው ቤቱ ነው።»

ሳቅሁ፣ ያለ ቦታው።
አሊጋዝን ስላስታወሰችኝ።

የመጀመሪያ ሳምንቴ፣ ክረምት፣ መብራት ጠፍቷል፤
አንድ ሰው በአጥሩ ጥግ ጎንበስ ብሎ ይመጣል።
ቁም! አልኩ። አልቆመም። ዱላዬ ቀደመኝ።
ለካ አይሰማም፤ የቦይለሩ ጩኸት ጆሮውን በልቶታል፤
ብብቱ ሥር ያለው ዳቦ ነው፣ ለሌሊት ፈረቃ ይዞታል።
ትከሻው ተሰበረ።

ሽማግሌው አሊጋዝ አልተቆጣኝም።
«ጥፋቱ የዱላህ አይደለም፣
ያስተዋወቀህ የለም።»
ከዚያ ሌሊት ጀምሮ በፈረቃ መግቢያ አጠገቡ አቁሞ፣
እያንዳንዱን በስሙ፦ «ይሄ የኛ ነው፤ ያም፤ ያቺም ደግሞ።»

ይህን ለዶክተሯ ነገርኳት። ወንበሯን ሳበች።
«አንጀት ውስጥ አሊጋዞች አሉ» አለች።
«በዓይን አይታዩም፣ ቁጥራቸው ከወሎ ሕዝብ ይበልጣል፤
ወተት የሚያረጉት ዘመዶቻቸው ናቸው።
ልጅ በጊዜ ሲያገኛቸው፣
ዘበኛውን አጠገባቸው ያቆሙታል፤
'ተው፣ ይሄ የኛ ነው' ይሉታል።
ይባላል።»
«ይባላል?»
«ምናልባት ነው። ለአንዱ ልጅ ረድቷል፣ ለሌላው አልረዳም፤
የትኛው ለማን እንደሚበጅ፣ ገና አልተለየም።
ቅባቱን እንዳትተዉ።»

ከሐኪም አፍ «ምናልባት» መስማት ደስ አለኝ፤
በር ላይ የኖረ ሰው እርግጠኛን ይፈራል።

አሁን ማክሰኞና ዓርብ መሬማ ከደጋን ትመጣለች፣
እርጎዋን በቅል ይዛ።
ከድጃ መጀመሪያ ፊቷን አዞረች፣
«ተሕዋስ ለልጄ በማንኪያ?» አለች።
«ወተቱስ ፈልቷል?»
«ፈልቶ ቀዝቅዟል» አለች መሬማ፣
«ከዚያ የትናንቱን ጠብ አደርግበታለሁ፤
የትናንቱ ለዛሬው ያሳየዋል።»
ነጂሃ አፍንጫዋን ይዛ ትጠጣለች፣ ነጭ ጢም አብቅላ።

ሦስት ወር ሆነን።
ክርኗ ተሽሏል። ጉልበቷ እንደነበረ ነው።
ቅባቱ ይሁን፣ በጋው ይሁን፣ እርጎው፣ አላውቅም፤
ያላየሁትን አልመሰክርም።

ግን ንጋት ላይ ከሥራ ስገባ፣
እጄን ሆዷ ላይ በቀስታ አሳርፋለሁ፣
እንደ አሊጋዝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አወራለሁ፣
ለማላየው ለዚያ ልጅ፣ ቆመጡን ጨብጦ ለሚንቀጠቀጠው፦
«አቧራው የኛ ነው።
ድመቷም የኛ ናት፣ ነገ እናስመልሳታለን።
ረጋ በል።
ዳቦ ይዞ ነው የሚመጣው።»