ዘግይቶ ለገባ

ኩታበር ከጥዱ ስር፣ ቅሬው ሲሰበሰብ፣
መዝገቤን ዘርግቼ ስም በስም ሳነብብ፣
አንድ እንግዳ መጣ፣ ሽኩር ያሲን ሚባል፤
"ቅሬ አስገቡኝ" አለ፣ "ሰው ብቻውን ይሞታል?"
ኮምቦልቻ ኖሯል፣ ደረቅ ወደብ ሠርቷል፣
ኮንቴይነር ሲከፈት፣ ሲታሸግም አይቷል።

"አብሽር፣ ትገባለህ" አሉት አባ ይማም፣
"ደጃችን ክፍት ነው፤ በነጻ ግን አይደለም።
ድንኳኑን ስንገዛ፣ ሰታቴ ስንገዛ፣
የት ነበርክ አንልህም፤ ድርሻህ ነው የበዛ።
ቀድሞ የገባ ሰው በየወሩ አዋጣው፤
ላንተ ባንዴ ይወርዳል የሃያ ዓመት ጣጣው።"

ከሱቁ መስኮት ላይ ሬዲዮ ይለፈልፋል፤
"የዓለም ንግድ ድርጅት... በሩ ይከፈታል..."
ብዕሬ ቆመችብኝ፤ ጄኔቭና ይኸ ጥድ
ባንድ አፍ አወሩብኝ፣ ልክ እንደ ሥጋ ዘመድ።

"ላንዱ ያደረግኸውን ለሁሉም ታደርጋለህ፤
ለእድሩስ አልቅሰህ ለወርቅያንሱ ትቀራለህ?
አይሆንም።
ሟች አይመረጥም።"

"ትርፉስ?" አለ ሽኩር።
"ዳኛ አለህ። ጉልበተኛ፣
ባለ መሬት ቢሆን፣ እኩል ይቆማል ከኛ።"

እኔ ግን ጸሐፊው መዝገቡን አውቃለሁ።
እኩል ነን ሲባባል ስንቱን ታዝቤያለሁ።
ድሃ ሲቀር ቅጣት፤ ባለ በሬው ሲቀር፣
"መንገድ ሄዶ" ብዬ የጻፍኩት እኔው ነበር።

እመት ዘምዘም ከዳር፣ እንዝርቷን ሳትለቅ፣
የጥቁር በግ ጠጉር በጣቷ ስታረቅቅ፣
"ይሄ ባና" አለች፣ "አንድ ወር ይፈጃል፤
ሸልቼ፣ ፈትዬ፣ ሸማኔ ይቋጨዋል።
ከመርከብ የወረደው ባለ አበባው ብርድ ልብስ
በእኩሌታ ዋጋ ደሴ ገበያ ሲደርስ፣
ቀረጥ የሚሉት ነገር ትንሿ አጥሬ ነበር፤
ዝቅ አርጉት ሲሏችሁ፣ በክንድ ነው? በስንዝር?
አንዴ ከተፈረመ፣ ቢበርደኝም ቆይቶ፣
ከፍ ይበል አይባልም ዳኛ ፊት ተገብቶ?"

ሽኩር ትንሽ አስቦ፣ "ያንቺም ይሻገራል፤
በዚያው በር፣ በዚያው ደንብ፤ ማን ይከለክላል?
ወረቀት ካለው ነው፤ ስፋቱ፣ ክብደቱ፣
ታጥቦ መፈተኑ፣ የበጉ ትውልድ ቤቱ።"

ሰው ሳቀ። እሷ ግን ክንዷን ዘረጋችው፣
ከክርኗ እስከ ጣቷ ባየር ላይ ለካችው፤
"መለኪያዬ ይሄ ነው። ይኸን ይዤ ብሄድ
ይበቃል? ወይስ ደሞ ልግዛ ሌላ ክንድ?"

የመለሰላት የለም።
አባ ይማም አጎነበሱ።
እኔም "ሽኩር ያሲን" ብዬ ጻፍኩ፤ ከጎኑ ዕዳው፣
ከዕዳው ጎን ባዶ ቦታ። ለምን እንደተውኩት እንጃ።

በሳምንቱ ሰው ሞተ፤ ያው ባለ ብዙ በሬ።
ማንም አልቀረበትም ከኩታበር ቅሬ።
ሽኩር ሳንቲም ሳይከፍል፣ አካፋ ተሸክሞ፣
ጉድጓዱን ጀምሯል ከሁላችን ቀድሞ።
እመት ዘምዘም ባናዋን ቃሬዛው ላይ ጣለች፤
"ስንት ክንድ ነው?" አልኳት።
"ይበቃዋል" አለች።