ተራ

በኦውሉ፣ ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለበት፣
አንድ ማተሚያ ቆሟል መቶ ሰው ሚያዝዝበት።
ሁሉም ከየክፍሉ ትእዛዙን ይልካል፤
ወረቀቱ ሲያልቅ ግን ኢርሜሊን ይጠራል።

ማክሰኞ ሌሊቱን ሪባኑ ተቀዶ፣
ወረፋው ረግቶ ነበር እንደ ወንዙ በረዶ።
ሐሙስ ጠዋት ቀርባ ማስነሻውን ጻፈች፤
የስሞቹን ዝርዝር ከላይ ታች አነበበች።
መጀመሪያው ቬይኮ። የወንዙ ጥናት ሰው።
ማክሰኞ ማታ ልኮ፣ ረቡዕ ነው ያረፈው።

«ሰርዝ» የሚል ቃል አለ፣ ሥልጣኑም የሷ ነው፤
ሦስት መቶ ገጽ የላከ ተማሪም በሩ ላይ ነው።
ጣቷ ከቁልፉ ላይ ቆየ፣
ቆየና ተነሣ።

ማሽን ሞት አያውቅም፣ ተራ ነው የሚያውቀው፤
በትልልቅ ፊደል ስሙን አስቀደመው።
ከዚያም አንድ ገጽ ብቻ፦ ወንዙ በረዶውን
በየዓመቱ የሰበረበት ቀን፤
የዘንድሮው ቦታ ባዶ።

በቀዳዳው ጠርዝ ገንጥላ ከስሙ ሣጥን ከተተችው።
ወዲያው የተማሪው ሥራ ይንጫጫ ጀመር።

ወረቀቱን ማንም ሳይወስደው ከረመ።
በግንቦት፣ አንድ ሌሊት፣ ወንዙ ሲፈነዳ ሰምታ
ምድር ቤት ወረደች፤
ቀኑን በእርሳስ ሞላችው።