አንዲት ነጥብ

እስክንድርያ ነው። ከልብስ ስፌት መኪና ጠጋኙ ሱቅ በላይ፣
ሦስተኛው ፎቅ ላይ።
ባሕሩ አይታይም፤
ጨው ብቻ ይመጣል፣ የግድግዳውን ቀለም ቀስ ብሎ ሊበላ፤
ሁለት ክፍል ቢሮ፣ ስድስት ወንበር ያለው፣ አንዱ እግረ ሰንካላ።
በሩ ላይ ስም የለም።
ስሙ ያለው ውስጥ ነው፤ በካርቶን፣ በመዝገብ፣ በመሳቢያ ሆድ።
ራውያ ትጽፋለች፦
ስም፣ የአባት ስም፣ የተያዘበት ሰዓት፣ የተያዘበት መንገድ፣
የለበሰው ሹራብ። ማን አየ? መኪናው ምን ቀለም?
ታርጋስ ነበረው ወይ? የለም።
እሱንም ትጽፋለች፦ «የለም»።

«መጥረጊያ» ይሉታል ያገሩ ዓሣ አስጋሪዎች የኅዳርን ወጀብ።
ያ መጥረጊያ ጠርጎ ያመጣት ይመስል
ነዒማ ገባች፣ ጫማዋ ውሃ አዝሎ፣ በእጇ ፌስታል፤
ፌስታሉ ውስጥ ካልሲና የአስም መንፊያ።

«ልጄን ነጊብን» አለች፣ «ከትራም አወረዱት፤
ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ፣ ከወደብ ሥራ ሲመጣ ነው የወሰዱት።
አራት ጣቢያ ዞርኩ፤ አራቱም ‹እንዲህ የሚባል ሰው
የለም› አሉኝ። ታዲያ እኔ ያማጥኩት ማንን ነው?»

ራውያ አላለቀሰችም።
ዕንባ ቀለም ያጥባል። ቀድሞ የሚጻፈው ይጻፍ፤
ሌላው በኋላ፣ ቤት፣ ከትራስ ጫፍ።

ጠበቃው ሸውቂ፣ ለሠርግም ለችሎትም አንድ ኮት ያለው፣
ጣቢያ ሄደ፤ የለም። ሆስፒታል፤ የለም። ሬሳ ክፍል፤ ተመስገን፣ የለም ነው።
ማመልከቻ ጻፈ ባለ ቴምብር፤ «ነገ» አሉት፤
ነገን ይዞ ሄደ፤ ለሌላ ነገ አቀበሉት።
በመሃል የባንክ ደብዳቤ መጣ፤ የቢሮው ሒሳብ ታግዷል።
መብራት ተቆረጠ። ያን ጊዜ ሽማግሌው ሉጥፊ፣ ጠጋኙ፣
ከሱቁ ገመድ ሳበላቸው፣ በመስኮት አንጠልጥሎ፣
«መርፌም ያለ ክር አይሰፋም» ብሎ።

በዐሥራ ሦስተኛው ቀን አንድ ስልቹ ጸሐፊ
መዝገቡን ገልጦ ትቶለት ሻይ ሊጠጣ ወጣ።
ሸውቂ በጣቱ ወረደ። ነጊብ የሚባል የለም፤ እውነታቸውን ነው።
ከገጹ ግርጌ ግን አንድ እንግዳ ስም አለ፦ ነሒብ።

በእነሱ ፊደል «ገ» አንዲት ነጥብ ታዝላለች በሆዷ፣ እንደ ሽል፤
ያቺ ነጥብ ስትወድቅ «ሐ» ትሆናለች።
ነጊብ ማለት ጨዋ፣ ልባም፣ የደግ ሰው ዘር።
ነሒብ ማለት ለቅሶ።
ጸሐፊው ቸኩሎ ይሁን፣ ብዕሩ ነጥፎ፣ ወይስ ታዞ፣ ማን ያውቃል፤
መንግሥት አንድ ልጅ ይዞ «ለቅሶ» ብሎ መዝግቧል።
ለቅሶ መርዙቅ። ዕድሜ ዐሥራ ዘጠኝ። ክፍል ሰባት።
ያ ሁሉ «የለም» ሙሉ ውሸት አልነበረም፤ አንዲት ነጥብ ነው የጎደለበት።

እኔ፣ ሀሌታውን ከሐመሩ ሳምታታ መምህሬ ሲቆጣኝ
«ያው ነው» እያልኩ ያደግሁ፣
ይህን ከሰማሁ ወዲህ «ያው ነው» ማለት ፈራሁ።

ሸውቂ በማግሥቱ «ነጥቡ ይመለስ» ሲል አቤቱታ አስገባ።
ዳኛው ሳቀ። የችሎቱ ጸሐፊም ሳቀ።
የእስር ቤቱ ዘበኛ ግን አልሳቀም፤
መንፊያውን ተቀብሎ፣ ግራ ቀኝ አይቶ፣ በኪሱ ይዞ ገባ።

ነጊብ አልተፈታም። ይህ ግጥም እስከዚያ አይደርስም።
ከዚያ በር የወጣው አንዲት ቃል ናት፦ «ይተነፍሳል።»
ነዒማ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ቃሏን እንደ ሳንቲም ቆጠረቻት፤
ደግማ ቆጠረቻት።

ማታ ራውያ መሳቢያዎቹን ሁሉ ከፈተች፤
ቀይ እርሳስ ቀርጻ የዐሥራ አንድ ዓመት ስሞችን
ነጥብ በነጥብ ታይ ጀመረች።
ከታች ሉጥፊ መኪና ሲሞክር አምፖሉ ይንቀጠቀጣል፤
ከወለሉ ሥር መርፌው፣ ያለ ክር፣ ባዶ ጨርቅ
ይወጋል፤ ይወጋል፤ ይወጋል።