ዘጠኝ ሰዓት፣ ቂርያት ጋት

መምህሬ አምስት ይላል፤ የቫንኩቨር ፀሐይ ገና ትከሻው ላይ ናት።
የወጥ ቤታችን ማይክሮዌቭ ሦስት ይላል፣ በአረንጓዴ።
እማዬ በሯን ገርበብ አድርጋ፣
«ዘጠኝ ሆነ እኮ አንቺ ልጅ፣
በዘጠኝ ሰዓት ከማን ጋር ነው ወሬው?»
ሠላሳ ዓመት እዚህ ኖራ
ሰዓቷን አላዞረችም፤
ቀኗ ዛሬም ከንጋት ነው የሚጀምረው።

ካሜራዬን አጥፍቼ፣
የሥራ ልብሴን ከወዲሁ ለብሼ
(በአሥራ ሁለት ተኩል የአሽኬሎን አውቶቡስ፣
ከዚያ የሕሙማን ወረፋ)
ወረርሽኝ እንዴት እንደሚቆጠር እማራለሁ።
አንዱን መስመር ሦስቴ አነበብኩት፣
ሦስቴም አመለጠኝ።

«አሰለፍ፣ አለሽ?» ይላል፣ ስሜን ለሦስት ሰብሮ።
አለሁ።
ካሜራውን ስከፍት
ጋቢ መጣ ከኋላዬ፣
ከጋቢው ኋላ እማዬ።
ትከሻዬን አልብሳኝ ቀና ስትል
ሃያ ሦስት ፊት ያያታል።

«መልካም ምሽት» አላት መምህሬ፣ በራሱ ቋንቋ።
እሷም ጎንበስ ብላ
ለስክሪኑ እጅ ነስታ፣
«እንደምን አደራችሁ።»

«ምን አለች?» አለኝ።
መስኮቱን አየሁት፤ ድቅድቅ ነው፣
የቆሻሻ መኪናው እንኳ አልመጣም።

«ነግቷል አለች» አልኩት።