የገመዱ አዲስ መንገድ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ላይ ትነሣለች፤
እጇን እንደ እርጥብ ጨርቅ ታራግፋለች።
ሦስቱ ጣቶች በድን ናቸው፣ አውራው፣ ሌባው፣ መሃሉ፣
ትንሿ ብቻ ደኅና ናት፣ ጎረቤቶቿ ሲቃጠሉ።
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በቪጎ ወደብ ፋብሪካ፣
ዛጎል በቢላ ስትከፍት፣ ሥጋውን ለቆርቆሮ ስትለካ፣
የራሷ እጅ ውስጥ አንድ በር እየጠበበ ነበር ለካ።

እኔ የመርከብ ሜካኒክ ነኝ፤ ከሞተር ሌላ አላውቅም፤
ኤላዲዮ ይሉኛል፤ ያልፈታሁትን አላምንም።
ሐኪሟ ወረቀት ስባ መሥመር በመሥመር ስትሥል
ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ፣ የጀልባ ሆድ ሲመስል፦
ስምንት ትንንሽ አጥንቶች ጎበጥ ብለው ተደርድረው፣
ወፍራም ጅማት ከላያቸው እንደ ሸራ ተወጥሮ አስሯቸው፣
ሥሩ ዘጠኝ ገመዶች፣ ጣት የሚስቡ፣
አንድ ነርቭ መሃላቸው፣ ሲያብጡ የሚጠበው ልቡ።
«ጣሪያውን እንቀደዋለን» አለች፤ እንዲህ በቀላሉ።
ቡናዬ ሳይበርድ ጨርሰው፣ እጇን በፋሻ ጠቀለሉ።

በዚያው ሌሊት ተኛች፤ ሳትነቃ እስኪነጋ።
እኔ ነኝ ዘጠኝ ሲል የባነንኩ፣ ጸጥታው አስደንግጦኝ ከአልጋ።

«ዳነች» ብዬ ነበር። ሞተር ከተነሣ ድኗል ማለት ነው፤
እጅ ግን ሌላ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ልትነሣ ጠረጴዛው ላይ ብትደገፍ፣
መዳፏ ሥር፣ ግራና ቀኝ፣ ምስማር ሆኖ ወጋት እስክትንሰፈሰፍ።
የቲማቲም ብልቃጥ መክፈት አቃታት፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ዛጎል የከፈተች ሴት!
እኔም ክፉ ቃል ወጣኝ፤ «ቆርጠው አበላሹሽ» አልኳት።
ዝም አለች።
ብልቃጡን በግራ እጇ ወደ እኔ ገፋችው። ከፈትኩላት።

ኢሪያ የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ከልጃችን የምታንስ፣
ክር በጣቶቿ ወጥራ አስረዳችኝ፣ ቁጣዬ ቀስ እያለ እስኪፈርስ፦
«የተቆረጠው ጅማት ጣሪያ ብቻ አልነበረም፣
መዘውርም ነበር፤ ገመዱን አቅፎ ይይዛል፣ ከመንገዱ አያስወጣም።
አሁን አንጓዋ ሲታጠፍ ገመዱ ይወጣል፣ እንደ ቀስት አውታር፣
ጉልበቷ መንገድ ላይ ይባክናል፣ ላላውን ገመድ ሲያጠብ ሲቸገር።
የአጥንቱ ቅስትም ሰፋ ብሏል፤ ጡንቻው መልሕቁን ፈለገ፤
ጠባሳው ክፍተቱን ይሞላል፣ ጅማቱም ረዘም ብሎ እያደገ።
ብቻ አታጣድፏት።»

እንዴት ይህን ሳላውቅ! የገመድ ማቀፊያ በባሕር ላይ ሲሰበር
መረቡ ይነሣል፤ ሞተሩ ግን ሁለት እጥፍ ሲያጓራ ነበር።
ዕድሜ ልኬን የጠገንኩት ነገር
ሚስቴ መዳፍ ውስጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ድንች የምልጠው እኔ፣ ፀጉሯን የማጥባት እኔ፤
«ግማሹን ድንች ጣልከው!» ትላለች፣ ስትስቅ ከጎኔ።
ማታ ማታ ጠባሳዋን በቅባት አሻለሁ፣
ግሪስ በጠገበ አውራ ጣቴ፣ ክብ ክብ እሄዳለሁ፤
መጀመሪያ እንደ ድንጋይ ነበር፤ ኋላ እንደ ገመድ፤ ኋላ
እንደ ቆዳ ላላ።

በአምስተኛው ወር፣ ዝናባማ ሐሙስ፣ አውቶቡስ ስንጠብቅ፣
ቀኝ እጇን ኪሷ ከተተች፣ እንዲያው ነገር ስትነካካ፣ ስትሠርቅ።
«ሃምሳ ሳንቲም» አለች፣ ሳታይ። ስታወጣው፣ ሃምሳ ሳንቲም።
«የሸሚዝህ ቁልፍ!» የሸሚዜ ቁልፍ፤ ከገና ወዲህ አላየሁትም።
ሦስተኛውን ግን ቶሎ አልጠራችም፤
በሌባ ጣቷ ጫፍ ጠርዙን ዞረችው፣ ዞረችው፣
«የዛጎል ስባሪ» አለች። አላወጣችውም፤ እዚያው ተወችው።

ብልቃጥ ዛሬም የምከፍተው እኔ ነኝ።
አውቶቡሱ መጣ፤ ቀድማኝ ወጣች፤ እጀታውን ጨብጣ ጠበቀችኝ፤
በየትኛው እጇ እንደ ጨበጠችው
ልብ አላልኩም።